የእትዬ ከድጃ አረፋ

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሞላ የጋዝ መጥበሻውን ሸራ ሲገልጥ ነው። ከሸራው ሥር አይጥ ዘላ ወጣችና በእግሮቻችን መሃል አልፋ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቀችው እትዬ ከድጃ ብቻ ነበረች።

እትዬ ከድጃ ባለፈው ክረምት መሞቷን እናቴ ናት በስልክ የነገረችኝ። "ያቺ ምላሰ መርዝ ሴትዮሽ ዐረፈች" አለችኝ። እኔ አሁን ደሴ ነው የምሠራው። ስሰማ ወዲያው አላለቀስኩም፤ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የሰደበችኝ ስድብ ነው። ቆቦ ላይ ዛሬም ስሟ ሲነሣ "ያቺ በሰው በዓል የቀናችው" የሚሏት አሉ። እንዲህ የሚያወሩት በፋሲካው ጠዋት ግቢው ውስጥ ያልነበሩ ናቸው። የነበሩት ደግሞ ዝም ይላሉ። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ ቆቦ ዋናው መንገድ ዳር ካለ ሥጋ ቤት በገንዘብ ተቀባይነት ገባሁ። ወደ አላማጣ የሚያልፉ አውቶቡሶችና የጭነት መኪኖች ቆመው የሚበሉበት ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት የጋዝ መጥበሻዎች በየቆርቆሮ ጥላቸው ሥር ቆመዋል፤ በቀኝ የሙስሊም፣ በግራ የክርስቲያን። በቀኙ ከድጃ ትጠብሳለች፣ በግራው ሞላ። ቢላዋው ለየብቻ ነው፣ መክተፊያው ለየብቻ ነው፣ ብሩሹም ለየብቻ። አንዱ የሌላውን ቅባት አይነካም። በዚህ የተጣላ ሰው አላየሁም፤ ሞላ ሽንኩርት ሲያልቅበት ከእሷ ይወስዳል፣ እሷም ቃሪያ ሲያልቅባት ከእሱ። የእኔ ጠረጴዛ በሁለቱ መሃል ስለነበረ ሁለቱም ይታዩኛል፣ የሁለቱም ጭስ ይደርሰኛል።

መጀመሪያ ቀን "አንቱ" ብያት ነበር።

"ገና ሳላረጅ አታስረጂኝ! አንቺ በይኝ። ስምሽ ማነው?"

ነገርኳት። ድምፄ ዝቅ ያለ ነውና አልሰማችኝም። ደግሜ ነገርኳት፤ አሁንም አልሰማችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ሹክሹክታ" ሆነ።

"ሹክሹክታ! አንድ ጎድን ብለሽ ጩሂ እንጂ! ለቅሶ ቤት ነው የተቀመጥሽው?"

ደንበኛው ይስቃል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ዓይን አፋር መሆኔን አውቃ ነበር ሰው በተሰበሰበበት የምትጠራኝ። በደግነት የምታደርገው ነገር እንደሆነ አድርጌ ላስበው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልሆነልኝም። ሰው ሲያፍር ማየት ያስደስታት ነበር።

ሥራዋን የምትጀምረው በማሽተት ነው። ከመለኮሷ በፊት ሲሊንደሩ አጠገብ ቁጢጥ ትልና አፍንጫዋን ወደ መሬት ታስጠጋለች። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ቀጥላ ሲሊንደሩ ላይ የጣለችውን ጆንያ በውሃ ታርሳለች፣ የቆቦ ፀሐይ ለብረት አያዝንም። ከዚያ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያጠፈች ስንጥቅ ትፈልጋለች። በመጨረሻ በጣሳ የሳሙና አረፋ ትመታና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በብሩሽ ትቀባለች፤ ሲሊንደሩን ትንሽ ትከፍታለች፤ ዝም ብላ ታያለች። አንድ ቦታ ላይ እንኳ አረፋው ካበጠ ያን ቀን እሳት የለም። ካላበጠ "ቢስሚላህ" ትልና የመጥበሻውን ክዳን ከፍታ፣ ፊቷን አዙራ፣ በረጅም ሽቦ ትለኩሳለች። እሳቱ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ምላስ ካወጣ ሁሉን ትዘጋለች፤ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቅና ማንደጃ ቧንቧውን ፈታ በጃንጥላ ሽቦ ትጠርጋለች። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቢጠብቅ ግድ የላትም።

"እትዬ፣ ሰው ራበው እኮ" ይላታል አስተናጋጁ።

"የራበው ሣር ይጋጥ።"

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሲጋራውን እንዳቀጣጠለ መጥቶ ሲሊንደሯን ተደግፎ ቆመ። አንድ ቃል አልተናገረችውም። የአረፋውን ጣሳ አነሣችና አናቱ ላይ ደፋችው።

"አጥቤሃለሁ፤ የቀረህ ከፈን ነው" አለችው።

እኔም ከእጇ አላመለጥኩም። እናቴ ለምረቃዬ የገዛችልኝ ናይሎን ሻሽ ነበረኝ፤ ሌላ አልነበረኝም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ሂሳብ ልነግራት ስጠጋ ነፋሱ የሻሹን ጫፍ ወደ እሳቱ ወሰደው። ዞር በይ ማለት ትችል ነበር። ከራሴ ላይ መንጭቃ እሳቱ ውስጥ ጣለችው።

"ይዞሽ ከሚሄድ ብቻውን ይሂድ።"

ሻሹ ተኮማትሮ ጠቁሮ ብረቱ ላይ ተጣበቀ። ሰው ሳቀ። ፀጉሬን በእጄ ሸፍኜ ዕቃ ቤት ገባሁና አለቀስኩ። ስወጣ "ጨረስሽ? መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ" አለችኝ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ዐቢይ ጾም ሲገባ የሞላ መጥበሻ ሥራ ይፈታል። ሞላ ውስጥ ገብቶ ሽሮና ፍርፍር ይሠራል፤ መጥበሻው ሸራ ለብሶ ይከርማል። በዚያ ዓመት ጾሙ በገባ ሰሞን ከድጃ ከወዲያ ማዶ ሆና ትጮህበት ነበር።

"አንተ ሞላ! ሳታጥበው ነው የሸፈንከው?"

"እትዬ፣ ጾም ገባ። እጄን ቅባት አላስነካም።"

"አይጥ ይወልድብሃል!"

"አንቺ እጠቢልኛ!"

"አዑዙቢላህ! የናንተን ቅባት?"

ሁለቱም ሳቁ። እሱ በጾሙ፣ እሷ በሃይማኖቷ አልነኩትም፤ ሌላ የሚነካው ሰው አልነበረም። መጥበሻው ስቡን እንደያዘ ጾሙን ከረመ።

ወደ ዋዜማው ልመለስ። አይጧ ከሮጠች በኋላ ሞላ ጎጆዋን በእንጨት እየጠረገ አወጣ፤ የጆንያ ክር፣ የወረቀት ቁራጭ፣ የማሽላ ገለባ። ሞላ አክፍሎ ነበር፤ ከስቅለት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም። ዓይኑ ጎድጉዶ ነበር። ሚስቱ አራስ ናት። ከድጃ ጣሳዋን ይዛ መጣችና ከመጥበሻው አንድ እርምጃ ርቃ ቆመች።

"ጎማውን አሳየኝ" አለችው።

"ደኅና ነው።"

"ሹክሹክታ! ነይ ወዲህ። እጅሽ ላይ ፌስታል አጥልቂና አረፋ ቀቢው።"

እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ለዚህ ነው ፌስታሉ። የራሷን ብሩሽ አልሰጠችኝም፤ አረፋውን ብቻ በሌላ ዕቃ ቀነሰችልኝ። ጎማውን እየቀባሁ ሄድኩ። ሞላ ሲሊንደሩን ትንሽ ከፈተው። መሃል ላይ፣ አይጧ የፋቀችበት ቦታ፣ አረፋው እንደ ሽንብራ አበጠና ፈነዳ። ወዲያው ሌላ አበጠ።

የቤቱ ባለቤት ጋሽ ታደሰ ይህን ጊዜ ደረሰ። ሰንጋው ተገዝቷል፣ ነገ መንገደኛው ይጎርፋል። የጋዝ ጎማ ደግሞ ከወልድያ ካልመጣ ቆቦ ላይ የለም። ከወልድያ የሚያመጣለት ሰው ስልኩን አላነሣም።

"በውስጥ ጎማ ቁራጭ ጥምጥም አድርጋችሁ እሰሩት" አለ።

"ጋሼ፣ ይሄማ ይፈነዳል" አለች ከድጃ።

"አንቺ ወደ ማዶሽ ሂጂ። ሞላ፣ ስማኝ፤ ነገ ይህ እሳት ካልነደደ ከነገ ወዲያ ሌላ ጠባሽ አመጣለሁ።"

ሞላ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አመጣና ይጠመጥም ጀመር። ከድጃ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወደ ማዶዋ ሄደች፤ ነገሩን የተወችው መሰለን። ስትመለስ ቢላዋዋን ይዛለች። ማንም ሳይደርስባት የሲሊንደሩን መክፈቻ በልብሷ እጅጌ ይዛ ዘጋችና ጎማውን ከሁለት ቦታ ቆረጠችው።

ቢላዋውን መሬት ላይ ጣለችው። የሞላን ቅባት ስለነካ ከዚያ ወዲያ ለእሷ ሥጋ አይሆንም፤ ሁላችንም ገብቶናል። ለዓመታት የሠራችበት ቢላዋ ነው።

ሞላ እንባው መጣ። "በዓሌን ገደልሽው! የልጄን እንጀራ ነው የቆረጥሽው! ምቀኛ!"

"ልጅህ አባቱን ሲያይ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው" አለችው። "አሁንም ቢሆን መልክህ ለማስደንገጥ ብዙ አይቀረውም።"

እዚህ ላይ የሳቀ ሰው ነበረ። ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቀም። "ውጪ!" አለ። "ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ! ሞላ፣ የእሷን ጎማ ንቀልና ያንተ ላይ ግጠም። ነገ የእነሱ በዓል አይደለም፣ የእሷ ማንደጃ ቢቆም ምንም የለም።"

ከድጃ የያዘችው ጣሳዋን ብቻ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

"ጎማውን ብቻ ነው ያየነው፤ የማንደጃውን ቧንቧ ውስጡን አላየነውም። ቧንቧው ከታፈነ እሳቱ ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። ፊትህን ነው የሚያገኘው ሞላ!"

"ሂጂ ወዲያ! ጠንቋይ!" አለ ሞላ።

ሄደች። አንድም ሰው ደኅና ሁኚ አላላትም።

በማግስቱ፣ የፋሲካ ዕለት፣ ጎህ እንደቀደደ ግቢው ገባሁ። ቤተ ክርስቲያን ያደረው ሞላ ገና ተኝቷል። ጾሙ ስለተፈታ መጥበሻውን ለመንካት የሚከለክለኝ ነገር አልነበረም። የከድጃ የጃንጥላ ሽቦ በማዶው ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ እሱን የሞላ ቅባት ውስጥ መክተት ደስ አላለኝም። ከራሴ ጃንጥላ አንዱን አጥንት ነቀልኩ። ስቡ ከብረቱ ጋር ደርቆ ስለነበር ማንደጃ ቧንቧውን ለመፍታት ታገልኩ፤ ጥፍሬ ተላጠ። በመጨረሻ ወጣ። አፉን ወደ ብርሃን ሳዞረው ብርሃን በማዶ አልታየኝም። ሽቦውን ስሰድበት ደረቅ ጭቃ ነካ። ተርብ ናት። ጾሙን ሙሉ ጭቃ እያመላለሰች ቧንቧው ውስጥ ቤቷን ሠርታ ኖሯል። ስፈነቅለው የጭቃው ጥቅል ወደቀ፤ ሁለተኛውንም ቧንቧ ፈታሁ፤ እሱም እንደዚያው። ጠራርጌ፣ ነፍቼ፣ ብርሃን ማዶውን እስካይ ቆየሁና መልሼ አሰርኳቸው።

ሞላ መጣ። ከማዶው የነቀለውን ጎማ ገጠመ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ለኮሰ። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ግቢው ብዙም ሳይቆይ በሰው ተሞላ። ጋሽ ታደሰ ነጭ ለብሶ በየጠረጴዛው ይዞራል።

"ይኸው! ፈነዳ? አልፈነዳም! ያቃጠላት ቅናቷ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሞላም ሳቀ፤ ፊቱ ደኅና ስለነበረ በደንብ ይስቅ ነበር። ወደ ጋሽ ታደሰ ተጠጋሁና "ጋሼ፣ ቧንቧው ውስጥ ጭቃ ነበረ፣ እትዬ እውነቷን ነው" አልኩት። ጫጫታ ነው። "ምን? ጨው?" አለና ጨው እንዲመጣ አዘዘ። ጠረጴዛዬን ለአስተናጋጁ አደራ ሰጥቼ ወጣሁ።

የከድጃ ቤት ከመስጊዱ ጀርባ ነው። ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች።

"እንኳን አደረሰሽ አትበይኝ፤ በዓሉ ያንቺ ነው" አለችኝ ቀና ሳትል።

ሁሉንም ነገርኳት። ስናገር ሳታቋርጠኝ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ያመጣሁላት የምሥራች መስሎኝ ነበር።

"አጸዳሽው?"

"አዎ።"

"ጭቃውን በሙሉ?"

"አዎ፣ በሙሉ።"

"ለምን?"

እጇን ከውሃው አወጣች።

"ትተሽው ቢሆን እሳቱ ተመልሶ ፊቱን ይልጠው ነበር። ያ ሁሉ ሰው 'ለካ ከድጃ እውነቷን ነው' ይል ነበር። አሁን እስክሞት ምቀኛ ነኝ። እንዲህ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ። ማን አጽጂ አለሽ?"

አልጮኸችም። ድምፅዋ እንደ እኔ ዝቅ ያለ ነበር። ቀልድ ነው ልል ፊቷን አየሁ፤ ቀልድ አልነበረም። ሞላ ተቃጥሎ ማየት ፈልጋ ነበር፣ እዚያ ደጃፍ ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ ከልቧ። የማልረሳት ለሌላ ነገር አይደለም፤ ለዚህና ቀጥሎ ላደረገችው ነው።

ልብሱን ደግማ ማሸት ጀመረች። ትንሽ ቆይታ "ጎማውን ማን ገጠመው?" አለች።

"ሞላ።"

"በምን አጠበቀው? የኔ ማጥበቂያ ቀለበት ለሱ ሲሊንደር አፍ ይሰፋል።"

"በሽቦ ሲያስረው አይቻለሁ።"

"ከዚያ በኋላ አረፋ ቀብተሽዋል?"

"እሱ ከመጣ ወዲህ ወደ መጥበሻው አላስጠጋኝም።"

የታጠበውን ልብስ ከነውሃው ፊቴ ላይ ወረወረችው።

"ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ! አንቺ ገልቱ! እሳቱ በነደደ ቁጥር ሽቦው ይላላል! ሩጪ! ሩጪና ዝጊው! አላህ ይድረስለት እንጂ!"

ሮጥኩ። የበዓል ልብሴ በሳሙና ውሃ ርሶ፣ ሰው እያየኝ ዋናውን መንገድ ተሻገርኩ። ሞላ መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብሎ ሥጋ ያገላብጣል። በጀርባው አልፌ የሲሊንደሩን መክፈቻ ዘጋሁት። እሳቱ ጠፋ።

"አበደች!" አለ ጋሽ ታደሰ ከማዶ። "ምን ሆነሻል አንቺ?"

ከእጅ መታጠቢያው ጣሳ ወሰድኩ፣ እዚያ ያለውን ሳሙና መታሁ። ጎማው ሲሊንደሩ አናት ላይ ካለው የጋዝ መቆጣጠሪያ፣ ከሬጉሌተሩ፣ የሚጋጠምበትን ቀባሁና መክፈቻውን ጥቂት ለቀቅኩት። ሽቦው ሥር አረፋው አበጠ፣ ሰፋ፣ ፈነዳ፤ ሌላ አበጠ።

ሞላ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"እሷ ናት የላከችሽ?" አለኝ በቀስታ።

"አዎ።"

"ሌላ ምን አለች?"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ፊቱ የተናገረችውንም አላስቀረሁም። ሰማ። ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ በጎን ተመለከተና "እሺ፣ አጠብቀዋለሁ" አለኝ። "አንቺ አረፋውን ጥረጊው። ጋሼ ሳያይ። አራስ አለችኝ እኮ፣ እኅቴ።"

ጨርቅ አቀበለኝ። መክፈቻውን ዘጋሁ። ጨርቁን ግን መሬት ላይ አኖርኩትና ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ" አልኩ።

አልሰማኝም። ደግሜ ተናገርኩ፤ በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ታደሰ አጥንት በእጁ እንደያዘ መጣ፤ ከኋላው የአውቶቡስ መንገደኞች ተከተሉት። መክፈቻውን እንደገና ጥቂት ለቀቅኩለት። ጎንበስ አለ። አረፋው በአፍንጫው ሥር አብጦ ፈነዳ። ሽታው ሲደርሰው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ዘጋሁት።

"እትዬ ከድጃ ቤቷ ናት" አልኩት። "ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋት ይዘዋት ይምጡ። እስከዚያ ይህ እሳት አይለኮስም።"

"ማነሽ አንቺ?" አለኝ።

ሲሊንደሩን ተደግፌ ተቀመጥኩ፣ መክፈቻውን በቀኝ እጄ ጨበጥኩና እስኪሄድ ጠበቅኩት።